የኦክሳይድ ገጽ ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖችን በየትኛው መሣሪያ እናጥና?

የሴሚኮንዳክተር ኦክሳይድ ገጽ ላይ ምርምር ለመጀመር የሚያስብ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። የትኛውን የመለኪያ ዘዴ ልጠቀም? ብዙ ጊዜ መልሱ የሚመጣው ላቦራቶሪው ውስጥ ካለው መሣሪያ ነው። ጥያቄው በመሣሪያው ልክ ይሰፋል። ውጤቱ ግን ያሳዝናል። ወራት የፈጀ መለኪያ ይሠራና መጨረሻ ላይ የተለካው ነገር የተፈለገው አለመሆኑ ይታወቃል።

ስለዚህ እዚህ የማነፃፅረው ዘዴዎቹን ነው፤ የማነፃፅራቸው ግን ከጥያቄው ተነስቼ ነው። ቁሶቹ ዚንክ ኦክሳይድ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ስትሮንቲየም ታይታኔት፣ ኢንዲየም ኦክሳይድ፣ ካድሚየም ኦክሳይድና ቲን ኦክሳይድ ናቸው። ጋዝ የሚለዩ ሴንሰሮች፣ ብርሃን የሚያሳልፉ የስክሪን ኤሌክትሮዶች፣ በብርሃን ኃይል ውሃ የሚሰነጥቁ ካታሊስቶች ሁሉ የሚሠሩት ከእነዚህ ነው። በሁሉም ዘንድ ሥራው ያለው ገጹ ላይ ነው።

ጥያቄያችሁ የትኛው ወገን ነው?

የመጀመሪያው ወገን ስለ ነጠላ ኤሌክትሮን ይጠይቃል። ኃይሉ ምን ያህል ነው? በየት አቅጣጫ ይሄዳል? ምን ያህል ከባድ ሆኖ ይንቀሳቀሳል? አንድ አቶም አጠገብ ታስሯል ወይስ እንደልቡ ይፈሳል?

ሁለተኛው ወገን ስለ ጋራ እንቅስቃሴ ይጠይቃል። በሰው የተሞላ አዳራሽ አስቡ። አንድ ጥግ ላይ ግፊያ ቢነሳ ግፊያው ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ሰው ግን ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም። የሚጓዘው ግፊያው ራሱ ነው። ኤሌክትሮኖች በጋራ እንዲህ ሲወዛወዙ ፕላዝሞን ይባላል። አቶሞቹ በጋራ ሲንቀጠቀጡ ፎኖን ይባላል። ኤሌክትሮንና ቀዳዳ (ኤሌክትሮን የጎደለበት ቦታ) ተጣምረው ሲጓዙ ኤክሳይተን ነው። ኤሌክትሮን በዙሪያው ያሉትን አቶሞች እያዛባ፣ መዛባቱንም እየጎተተ ሲሄድ ደግሞ ፖላሮን ይሆናል። ፖላሮን ሁለቱንም ወገን የሚነካ ስለሆነ ብዙ ጭቅጭቅ ያለው እሱ ላይ ነው።

ኦክሳይዶችን ከሲሊከን የሚለያቸው ትልቁ ነገር አዮናዊ መሆናቸው ነው። የብረቱ (የሜታሉ) አቶም አዎንታዊ፣ ኦክስጅኑ አሉታዊ ነው። ስለዚህ አቶሞቹ ሲንቀጠቀጡ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል፤ ኤሌክትሮኖቹም ይህን መስክ ችላ ብለው ማለፍ አይችሉም። ኦክሳይድ ላይ ኤሌክትሮኑን ብቻ ለይቼ አጠናለሁ ማለት አይቻልም። ንዝረቱ አብሮ ይመጣል።

መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ቁጥር ያዙ

ቁጥሩ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉት ነፃ ኤሌክትሮኖች ብዛት ነው። ይህ ሳይታወቅ ዘዴ መምረጥ በጨለማ መደናበር ነው። የፕላዝሞን ኃይል ከዚህ ብዛት ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ብዛቱ መቶ እጥፍ ቢቀንስ ኃይሉ የሚቀንሰው አሥር እጥፍ ነው።

ቲን የተጨመረበትን ኢንዲየም ኦክሳይድ እንውሰድ። የኤሌክትሮኑ ውጤታዊ ክብደት፣ ማለትም ክሪስታሉ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ያለው የሚመስለው ክብደት፣ ከነፃ ኤሌክትሮን አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ብዛቱ 10²¹ ሲሆን ፕላዝሞኑ 1 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ይወድቃል። ይህ ቅርብ ኢንፍራሬድ ነው። ቁሱ ለዓይን ብርሃን ግልጽ ሆኖ ለኢንፍራሬድ አንጸባራቂ መስታወት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ብዛቱ ወደ 10¹⁹ ሲወርድ ፕላዝሞኑ ወደ 100 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይወርዳል። አስቸጋሪው ቦታ ይህ ነው። የኦክሳይዶቹ ጠንካራ ፎኖኖች የሚኖሩት ከ50 እስከ 100 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ሰፈር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይቀላቀላሉ። በመለኪያው ኩርባ ላይ የምታዩት ጫፍ ንጹሕ ፕላዝሞንም ንጹሕ ፎኖንም አይሆንም። በዚህ ክልል ውስጥ አንድ ጫፍ አይቶ «ይህ ፎኖን ነው» ብሎ መጻፍ ችኮላ ነው።

ገጹ ላይ ያለው ብዛት ከውስጡ የተለየ ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ። በብዙ ሴሚኮንዳክተሮች ገጹ ኤሌክትሮን ያጣል። በኢንዲየም ኦክሳይድና በካድሚየም ኦክሳይድ ግን ኤሌክትሮኖች ገጹ ላይ ይከማቻሉ። ዚንክ ኦክሳይድ ደግሞ እንደ ጎረቤቱ ነው። ሃይድሮጅን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ያከማቻል፤ ኦክስጅን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑን ይነጠቃል። የጋዝ ሴንሰር የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። እና የተከማቹት ኤሌክትሮኖች በጥቂት ናኖሜትር ስስ ንብርብር ውስጥ ከታሰሩ የፕላዝሞኑ ሕግም ይለወጣል። የሞገዱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር ኃይሉ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ስለዚህ «የፕላዝሞኑ ኃይል ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም። «በየትኛው ሞመንተም?» ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ ሞመንተም የሞገዱ ርዝመት ሲጨምር የሚቀንስ መጠን ነው።

አርፔስ፤ ለነጠላ ኤሌክትሮን የመጀመሪያው ምርጫ

አርፔስ በብርሃን ኤሌክትሮን አስወጥቶ ኃይሉንና የወጣበትን አንግል አብሮ ይለካል። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ኤሌክትሮኑ ክሪስታሉ ውስጥ እያለ የነበረው ኃይልና ሞመንተም ይሰላል። የኃይል ባንዶቹ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ሊይዙት የሚችሉት ኃይል በየሞመንተሙ፣ በቀጥታ ይታያሉ። የኤሌክትሮኑን ክብደት ከባንዱ ጉብጠት፣ የኤሌክትሮኖቹን ብዛት ደግሞ ከፌርሚ ገጹ (የተያዙትን የሞመንተም ቦታዎች ካልተያዙት ከሚለየው ድንበር) ስፋት ታነባላችሁ። ይህን ያህል ነገር በአንድ መለኪያ የሚሰጥ ሌላ ዘዴ የለም። ከ20 እስከ 100 ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ብርሃን ሲሠራ የሚያየው ጥልቀት ግማሽ ናኖሜትር ወይም አንድ ናኖሜትር ቢሆን ነው። ገጹን ብቻ ማለት ነው።

ግን የስትሮንቲየም ታይታኔትን ታሪክ ሳያውቁ አርፔስ መጀመር አይገባም። ይህ ቁስ የኃይል ክፍተቱ (በተሞሉትና በባዶዎቹ ባንዶች መካከል ያለው ርቀት) 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በ2011 ሁለት የምርምር ቡድኖች ክሪስታሉን ቫክዩም ውስጥ ሰንጥቀው በአርፔስ ሲያዩት ገጹ ላይ ሁለት አቅጣጫ ብቻ ያለው የኤሌክትሮን ጋዝ አገኙ። ከዚያ በፊት በ2004 የላንታነም አሉሚኔትና የስትሮንቲየም ታይታኔት መገናኛ ኤሌክትሪክ በደንብ እንደሚያሳልፍ ታይቶ ስለነበር ግኝቱ ትልቅ ትኩረት ሳበ። በኋላ ግልጽ የሆነው ነገር ለእኛ ምርጫ ወሳኝ ነው። መለኪያው የሚጠቀምበት አልትራቫዮሌት ብርሃን ራሱ ኦክስጅን ከገጹ ያባርራል። የሄደ እያንዳንዱ ኦክስጅን እስከ ሁለት ኤሌክትሮን ትቶ ይሄዳል። ብርሃኑ በቆየ ቁጥር የኤሌክትሮኑ ብዛት ይጨምራል። መሣሪያው የሚያየውን ነገር በከፊል ራሱ ይፈጥረዋል ማለት ነው።

ይህ ጉድለት ብቻ አይደለም። ብርሃኑን እንደ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙበት አሉ፤ ጥቂት ኦክስጅን እየለቀቁ ብዛቱን መልሰው ይቀንሳሉ። ማወቅ ያለባችሁ ግን አለ። በታይታኔት ላይ አርፔስ ስትሠሩ የመጀመሪያውን ደቂቃና የመጨረሻውን ሰዓት ውሂብ ለየብቻ አስቀምጡ። በአንድ ላይ የተደመረ ውሂብ ሁለት የተለያዩ ገጾችን እያቀላቀለ ነው።

የጋራ እንቅስቃሴንስ አርፔስ ያሳያል? በተዘዋዋሪ ያሳያል። አናቴስ በሚባለው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል ላይ በ2013 የታተመ ሥራ ከዋናው ባንድ በታች 100 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ዝቅ ብሎ የባንዱ ቅጂ መኖሩን አሳየ። ኤሌክትሮኑ ሲወጣ አንድ ፎኖን ቀስቅሶ ወጥቷል፤ ቅጂው የዚያ ዋጋ ነው። የፖላሮን አሻራ ይህ ነው። ኤሌክትሮን ሲጨመር ቅጂው ይደበዝዛል፤ ምክንያቱም ብዙ ኤሌክትሮኖች የንዝረቱን መስክ ይሸፍኑታል።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ፍተሻ አለ። ቅጂው የመጣው ከፎኖን ነው ወይስ ከፕላዝሞን? የኤሌክትሮኑን ብዛት ቀይሩና ርቀቱን ተመልከቱ። ርቀቱ ካልተነቃነቀ ፎኖን ነው፤ የአቶሞቹ ንዝረት የኤሌክትሮን ብዛት ብዙም አያስጨንቀውም። ርቀቱ ከብዛቱ ጋር ካደገ ፕላዝሞን ነው። በዩሮፒየም ኦክሳይድ ላይ በ2018 የታተመ ሥራ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደረገውን ሽግግር በዚሁ መንገድ አሳይቷል።

የአርፔስ ድክመቶች ግልጽ ናቸው። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ናሙና ኤሌክትሮን ሲወጣበት በኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ይሞላና ምስሉ ይበላሻል። ኤሌክትሮን የሌለባቸውን ባንዶች አያይም። የጥሩ መሣሪያ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሲንክሮትሮን በሚባለው ትልቅ የብርሃን ምንጭ ላይ በውድድር ነው።

ኤችሪልስ፤ ለጋራ እንቅስቃሴ የኔ የመጀመሪያ ምርጫ

ጥያቄያችሁ ፕላዝሞን ወይም የገጽ ፎኖን ከሆነ መጀመሪያ ስለ ኤችሪልስ አስቡ። ዘዴው ቀላል ነው። ኃይላቸው የተስተካከለ ዝግተኛ ኤሌክትሮኖች ገጹ ላይ ይወረወራሉ። ሲመለሱ ምን ያህል ኃይል እንዳጡ ይለካል። የጠፋው ኃይል የቀሰቀሱት ንዝረት ኃይል ነው። የሚወረወሩት ኤሌክትሮኖች ኃይል ከጥቂት እስከ አሥሮች ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን ነው፤ የመለየት አቅሙ ግን ወደ 1 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ሊደርስ ይችላል።

ኦክሳይድና ይህ ዘዴ የቆየ ዝምድና አላቸው። በ1965 ፉክስና ክሊወር አዮናዊ በሆነ ስስ ክሪስታል ገጽ ላይ ልዩ የንዝረት ሞገድ መኖር እንዳለበት በስሌት አሳዩ። በ1970 ሃራልድ ኢባክ ዚንክ ኦክሳይድ ላይ በዝግተኛ ኤሌክትሮኖች ለካው። ጫፉ 69 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሰው የኦክሳይድ ኤችሪልስ ሲጀምር መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን የፉክስ ክሊወር ጫፍ ነው። ጫፉ ቦታው ላይ ስለታም ሆኖ ከተገኘ ገጹ ንጹሕና ሥርዓት ያለው ነው።

ምልክቱ ግን ከልክ በላይ ጠንካራ ነው። አንድ ኤሌክትሮን ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ፎኖን በተከታታይ ቀስቅሶ ይመለሳል። ስለዚህ በ69 ብቻ ሳይሆን በ138፣ በ207፣ እንዲያም ሲል ከዚያ በላይ ጫፎች ይደረደራሉ። ገጹ ላይ ያረፈ ሞለኪውል ንዝረት ፈልጋችሁ ከሆነ ይህ ረድፍ ይሸፍንባችኋል። የሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ጥንድ) ንዝረት 450 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከረድፉ ጅራት በላይ ራሱን ያሳያል። ከዚያ በታች ያሉት ግን ይቸገራሉ። በፎሪየር ስሌት ድግግሞሹን መግፈፍ ይቻላል፤ ይሁንና ስሌቱ ጥሩ ውሂብ ይፈልጋል፣ ጫጫታ ያለበት ስፔክትረም ላይ የውሸት ጫፍ ይፈጥራል።

ይህን ዘዴ የምወድበት ዋና ምክንያት ጥልቀቱን ማስተካከል መቻሉ ነው። የሚወረወረው ኤሌክትሮን ገጹን ሳይነካ በሩቁ በኤሌክትሪክ መስኩ ይቀሰቅሳል። የመስኩ ጥልቀት በኤሌክትሮኑ ፍጥነትና በንዝረቱ ኃይል ይወሰናል። ለ69 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ንዝረት 5 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ኤሌክትሮን 13 ናኖሜትር ገደማ ይሰማል። 50 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ደግሞ 40 ናኖሜትር ገደማ። ስለዚህ ያንኑ ናሙና በተለያየ ኃይል ለኩት። ኃይሉን ስትቀንሱ ፕላዝሞኑ ወደ ላይ ከተንቀሳቀሰ ገጹ ላይ ኤሌክትሮን ተከማችቷል። ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ገጹ ተራቁቷል። ናሙናውን ሳትቆርጡ፣ ሳትፍቁ ከላይ ወደ ታች ያለውን ስርጭት አነበባችሁ ማለት ነው።

ሞመንተምም ታገኛላችሁ። መቀበያውን ከመስታወታዊ አንግል (ኤሌክትሮኑ ከመስታወት እንደሚመለስ ብርሃን ከሚመለስበት) ጥቂት ዲግሪ አዙራችሁ ብትለኩ ፕላዝሞኑ በሞመንተም እንዴት እንደሚለዋወጥ ይታያል። ከላይ ያልኩት የስስ ንብርብር ፕላዝሞን የሚለየው በዚህ ነው። ምልክቱ ግን ከመስታወታዊ አንግል በራቃችሁ ቁጥር ቶሎ ይሞታል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ነፃ ኤሌክትሮኖቹ ጥቂት ሲሆኑ ደግሞ የተለየ ጫፍ አትጠብቁ። ኃይል ሳያጡ የተመለሱት ኤሌክትሮኖች የሚሠሩት ዋናው ጫፍ ይሰፋል፣ ጅራት ያወጣል። ጀማሪ ይህን የመሣሪያ ብልሽት አድርጎ ማስተካከያውን ሲነካካ ይውላል። ንጹሕ ብረት ላይ ለክታችሁ አወዳድሩ፤ እዚያ ጠባብ ከሆነ መስፋቱ የናሙናው ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ሃይድሮጅን ሲነካው ገጹ እንደ ብረት መሆኑ በ2005 መዘገቡን ካስታወስን፣ ቫክዩም ክፍል ውስጥ የቀረ ትንሽ ሃይድሮጅን እንኳ ይህን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ዋናው ድክመት መሙላት ነው። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ኦክሳይድ ላይ ዝግተኛ ኤሌክትሮን ስትወረውሩ ገጹ ይሞላና ኤሌክትሮኑን ይመልሰዋል። መፍትሔዎቹ የታወቁ ናቸው። ስስ ኦክሳይድ ብረት ላይ ማሳደግ፣ ናሙናውን በመጠኑ ማሞቅ ወይም ማዶፕ (ጥቂት ባዕድ አቶም መጨመር)፣ ወይም ሁለተኛ የኤሌክትሮን ምንጭ መጨመር። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ግን ፊልሙ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከሆነ ከሥሩ ያለው ብረት ፕላዝሞኑንና ፎኖኑን ይነካል። ያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው።

ኤስቲኤም፤ «የት?» ለሚል ጥያቄ

ኤስቲኤም በስለታም መርፌና በገጹ መካከል የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት እየለካ ገጹን የሚያስስ ማይክሮስኮፕ ነው። ቢኒግና ሮረር በ1981 ዙሪክ ውስጥ ሠርተው በ1986 ኖቤል ተቀበሉበት። መርፌው ከገጹ በአንድ አንግስትሮም ሲርቅ ጅረቱ ወደ አሥር እጥፍ ይቀንሳል። አቶም በአቶም የሚያየው በዚህ ስሜታዊነቱ ነው።

ጥያቄያችሁ ኤሌክትሮኑ የተቀመጠበት ቦታ ከሆነ ተተኪ የለውም። የኦክስጅን ጉድለት አጠገብ ነው? ገጹ ላይ ያለ የአቶም ደረጃ ጠርዝ ላይ? ሩታይልና አናቴስ በሚባሉት የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሁለት ክሪስታሎች ላይ ትርፍ ኤሌክትሮን የት ይቀመጣል የሚለውን ክርክር አንድ እርምጃ ያራመደው በ2014 የታተመ የኤስቲኤም ሥራ ነው። ሩታይል ላይ ትርፍ ኤሌክትሮኑ አንድ ታይታኒየም አቶም አካባቢ ይታሰራል፤ አናቴስ ላይ ግን ይበተናል። የሁለቱ ኬሚካላዊ ቀመር አንድ ነው፤ ጠባያቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ምስሉ ቁመት አይደለም። 110 በሚባለው የሩታይል ክሪስታል ገጽ ላይ ከፍ ብለው የቆሙት የኦክስጅን ረድፎች ናቸው። ምስሉ ላይ ደምቀው የሚታዩት ግን ዝቅ ያሉት የታይታኒየም ረድፎች ናቸው፤ ባዶ የኤሌክትሮን ቦታ ያላቸው እነሱ ስለሆኑ። ሁለተኛው ሙቀት ነው። በክፍል ሙቀት የኃይል ልየታው 90 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይደርሳል። ፎኖን ለመለየት ፈጽሞ አይበቃም። በ4.2 ኬልቪን ወደ 1.3 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይወርዳል። ቀዝቃዛ መሣሪያ ከሌላችሁ ኤስቲኤምን ለምስል ተጠቀሙበት፤ ለንዝረት ሌላ ፈልጉ። ቀዝቃዛ ካላችሁም ኦክሳይዱ ቀዝቅዞ ኤሌክትሪክ ማሳለፉን እንዳያቆም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የመርፌው ቮልቴጅ ራሱ የገጹን ባንድ እንደሚያጎብጥም አስቡ። ኤሌክትሮን ጥቂት በሆነበት ኦክሳይድ ላይ የሚነበበው የኃይል ክፍተት ከእውነተኛው ሰፍቶ ሊታይ ይችላል።

ብርሃን፤ ርካሹና ፈጣኑ

ኢንፍራሬድ ነጸብራቅና ኤሊፕሶሜትሪ (ብርሃን ሲንጸባረቅ የፖላራይዜሽኑን ለውጥ የሚለካ ዘዴ) ቫክዩም አይፈልጉም፤ ናሙናውን አይሞሉም፤ በአንድ ቀን ብዙ ናሙና ያስለካሉ። የኤሌክትሮን ብዛትና ውጤታዊ ክብደት ለመገመት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ከላይ «አንድ ቁጥር ያዙ» ያልኩት በዚህና በሆል መለኪያ (በማግኔት መስክ ውስጥ በጎን የሚፈጠረውን ቮልቴጅ በመለካት) ይገኛል።

ለገጽ ግን ይቸገራሉ። ብርሃን መቶ ናኖሜትሮችንና ከዚያም በላይ ዘልቆ ስለሚገባ የሚነግራችሁ በአብዛኛው ስለ ውስጡ ነው። በተጨማሪ የብርሃን ሞመንተም በጣም ትንሽ ነው። የገጽ ፕላዝሞንም ሆነ የፉክስ ክሊወር ፎኖን ለስላሳ ገጽ ላይ በቀጥታ በብርሃን አይቀሰቀስም። ድልድይ ያስፈልጋል። በ1968 ኦቶ የሚባል ፊዚሲስት ፕሪዝም ተጠቅሞ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዛሬ ደግሞ ብርሃኑን በስለታም የብረት ጫፍ ላይ ሰብስቦ 20 ናኖሜትር ድረስ የሚለይ ማይክሮስኮፕ አለ። ሞገዱ ከጠርዝ ሲመለስ የሚፈጥረው መስመር በምስሉ ላይ ይታያል። መሣሪያው ቅርብ ካላችሁ ለፊልሞችና ለናኖ ቅንጣቶች ግሩም ነው።

ጥያቄያችሁ ስለ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ምርጫው አጭር ነው። ኤሌክትሮኑ ተቀስቅሶ ስንት ፌምቶሰከንድ ቆይቶ ፖላሮን ወይም ኤክሳይተን ሆነ? ይህን የሚመልሰው በዋናነት በሁለት የሌዘር ምት የሚሠራ መለኪያ ነው፤ አንዱ ይቀሰቅሳል፣ ሌላው ቆይቶ ያያል።

ሁለት ሌሎች ዘዴዎች በአጭሩ። የሂሊየም አቶም ብተና ገለልተኛ አቶም ስለሚጠቀም ናሙና አይሞላም፣ አያበላሽም፤ ከላይኛው የአቶም ረድፍ አያልፍም። ዝቅተኛ ኃይል ላላቸው ፎኖኖች ጥሩ ነው፤ ለከፍተኞቹ ኃይሉ አይበቃም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ የሚሠራው የኃይል ብክነት መለኪያ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ንዝረት ማየት ችሏል። ናሙናው ነጠላ ቅንጣት ከሆነ ሞክሩት። ከፍተኛ ኃይል ያለው ጨረር ግን ለኦክሳይድ ገጽ ደግ አይደለም።

ቁሱንም ምረጡ

የመጀመሪያ ሥራችሁ ከሆነ ዚንክ ኦክሳይድ ውሰዱ። የፎኖን ጫፉ ይታወቃል፣ ገጾቹ በደንብ ተጠንተዋል፣ በሃይድሮጅን ኤሌክትሮን መጨመር ይቻላል። ኤክሳይተኑም 60 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት አስተሳሳሪ ኃይል ስላለው በክፍል ሙቀት አይፈርስም። ለፖላሮን ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፤ ሩታይልና አናቴስን ጎን ለጎን። ለገጽ ኤሌክትሮን ጋዝ ስትሮንቲየም ታይታኔት፣ የብርሃኑን ጉዳት እያሰባችሁ። ለንጹሕ ፕላዝሞን ኢንዲየም ኦክሳይድ ወይም ካድሚየም ኦክሳይድ፤ ካድሚየሙ መርዛማ ስለሆነ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በስሌት የምትደግፉት ከሆነ ተራ ዲኤፍቲን (የኤሌክትሮኖችን ጠባይ ከጥግግታቸው የሚያሰላውን የተለመደ ዘዴ) ለኃይል ክፍተት አትመኑ። ለዚንክ ኦክሳይድ ከ1 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ይሰጣል፤ እውነተኛው 3.4 ገደማ ነው። ሩታይል ላይ ደግሞ ታሳሪውን ኤሌክትሮን በመላው ክሪስታል ይበትነዋል። ለፖላሮን ይህን ስህተት የሚያርሙ ሃይብሪድ ፈንክሽናል ወይም የሃባርድ እርማት የሚባሉ ማሻሻያዎች ያስፈልጋሉ። ከሃባርድ እርማት ጋር የሚመጣው ቁጥር መልሱን እንደሚወስነው ግን አትዘንጉ። ቁጥሩን ለውጣችሁ መልሱ የሚገለበጥ ከሆነ ስሌቱ ገና አልመለሰም።

እንግዲህ በተግባር

ናሙናው አዲስ ነው፤ ምንም አታውቁም? በኢንፍራሬድና በሆል ጀምሩ። ብዛቱን እወቁ። ፕላዝሞኑ የት መውደቅ እንዳለበት በወረቀት አስሉ።

ገጹ ኤሌክትሮን ያከማቻል ወይ? ኤችሪልስ በተለያየ ኃይል። አርፔስም ይመልሳል፤ ግን ብርሃኑ ራሱ ክምችቱን ሊፈጥር ስለሚችል እኔ በኤችሪልስ እጀምራለሁ። ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ደካማ ጨረር ብዙ ጊዜ ለገጹ ይቀላል።

የኤሌክትሮኑ ክብደትና የባንዱ ቅርጽ? አርፔስ፣ ያለ ክርክር።

ፖላሮኑ ትንሽ ነው ትልቅ? አርፔስና ቀዝቃዛ ኤስቲኤም አብረው። ከፌርሚ ደረጃ (ኤሌክትሮኖች እስከሚሞሉት የኃይል ከፍታ) በታች 1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ላይ የሚቀመጥ የማይንቀሳቀስ ሁኔታ የታሰረ ኤሌክትሮን ምልክት ነው። ቅጂ ያለው ተንቀሳቃሽ ባንድ ደግሞ የትልቅ ፖላሮን ምልክት ነው። ሁለቱ አንድ ናሙና ላይ አብረው ሊታዩም ይችላሉ፤ አንዱን ስታዩ ሌላውን ከመፈለግ አትቁሙ።

ናሙናው ጨርሶ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም? ለንዝረት የሂሊየም ብተና ወይም ኢንፍራሬድ። ለሌላው መጀመሪያ ስስ ፊልም አሳድጉ።

ሁለት ዘዴ የምትጠቀሙ ከሆነ በመካከሉ ያለውን መንገድ አስቡበት። በ10⁻⁶ ሚሊባር ግፊት የተጋለጠ ገጽ በሰከንዶች ውስጥ በጋዝ ሊሸፈን ይችላል። በ10⁻¹⁰ ግን ሰዓታት ታገኛላችሁ። ናሙናውን አየር ላይ አውጥቶ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው መውሰድ ሁለት የተለያዩ ገጾችን ማነፃፀር ነው። የሚቻል ከሆነ በተንቀሳቃሽ የቫክዩም ሳጥን አጓጉዙ። ካልሆነም በሁለቱም ቦታ ገጹን በአንድ ዓይነት አሠራር አጽዱ፤ ተመሳሳይ ሙቀት፣ ተመሳሳይ የኦክስጅን ግፊት፣ ተመሳሳይ ጊዜ። ከዚያ በሁለቱም ቦታ አንድ የታወቀ ነገር ለኩ፤ ለምሳሌ ሥራ ፈንክሽኑን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ከገጹ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ኃይል። ቁጥሩ ከተለያየ ውጤቶቹን አንድ ሥዕል ላይ አታስቀምጡ፤ ተመልሳችሁ የማጽጃውን አሠራር አስተካክሉ።